ለመጠጥ ሱስ የሚታዘዘው ዳይሰልፊራም፦ የትኛው ምልክት ከክኒኑ፣ የትኛው ከሌላ ነገር የመጣ ነው?

ጥያቄ፦ «የቨርጂኒያዋ»

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ለብዙ ዓመታት ከመጠጥ ሱስ ጋር ሲታገል ኖሮ በዚህ ዓመት በገዛ ፈቃዱ ሕክምና ጀምሯል። ሐኪሙ አማራጮቹን ካስረዳው በኋላ ዳይሰልፊራም የተባለውን፣ ብዙ ሰው አንታቢዩስ በሚለው ስሙ የሚያውቀውን መድኃኒት በቀን 250 ሚሊ ግራም እንዲወስድ አዘዘለት። ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ መጠጥ አልቀመሰም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው መድኃኒቱን ለማማት አይደለም፤ በቤታችን የምናያቸውን ለውጦች ምንነት ለመረዳት ፈልጌ ነው።

ጠዋት ክኒኑን ከዋጠ በኋላ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ሥራው ደግሞ መኪና መንዳት ነው። አፌን ብረት ብረት ይለኛል ይላል፤ ነጭ ሽንኩርት ባልቀመሰበት ቀን እንኳ ትንፋሹ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ድሮ በረካውን ጠጥቶ ወዲያው የሚተኛ ሰው፣ አሁን ከቡና በኋላ ልቡ እየመታ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ሰሞኑን ደግሞ የእግሩን ጣቶች «መርፌ መርፌ ይለኛል፣ ይደነዝዘኛልም» ማለት ጀምሯል። ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ግን «ደህና ነኝ» ብሎ ይመለሳል።

ሁለተኛው ሐሳቤ ስለ ጉዞ ነው። በሚቀጥለው ጥር የእኅቱ ሠርግ ጎጃም ስለሆነ አብረን እንሄዳለን። ከጠላውና ከጠጁ እንደሚርቅ ቃል ገብቷል፤ ዘመዶቹ ግን «ቅራሪና ብርዝ ምን ያደርገዋል?» ይላሉ። በዚያ ላይ አገር ቤት በሄድን ቁጥር ሆዱን ስለሚያመው ፍላጅል ወይም ቲኒዳዞል ሳይገዛ ተመልሶ አያውቅም። መቁረብ ይችል እንደሆነም መጠየቅ እፈልጋለሁ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ አፍራለሁ። ታላቅ እኅቱ፣ በክፋት ሳይሆን ወንድሟን ከመውደዷ የተነሣ፣ «አንድ ቀን አልውጥም ካለሽ ፈጭተሽ በቡናው ጨምሪበት፤ አያውቅም» ትለኛለች። ይህ ምን ጉዳት አለው? የምታውቁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ «ፋርማሲስት፣ ሜሪላንድ»

እኅቴ፣ ስለዚህ መድኃኒት ሰዎች «የጎንዮሽ ጉዳት» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅለው ነው። አንዱ ክኒኑ ራሱ፣ መጠጥ ሳይኖር፣ የሚያመጣው ነው፤ ሌላው ክኒኑ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ የሚነሣው ነው፤ የመጨረሻው ከሌላ መድኃኒት ወይም ከቡና ጋር ተጋጭቶ የሚፈጥረው ነው። እርስዎ ከዘረዘሯቸው ምልክቶች አብዛኞቹ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ወገን ናቸው፤ የሠርጉ ጉዳይ ግን በቀጥታ ሁለተኛውን ይመለከታል።

አልኮል ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉበት በመጀመሪያ በአንድ ኤንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን በሚያፋጥን የሰውነት ፕሮቲን) አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር ይለውጠዋል፤ ቀጥሎ ሌላ ኤንዛይም ይህን መርዝ ጉዳት ወደሌለው አሴቴት ይቀይረዋል። ዳይሰልፊራም የሚያሰናክለው ይህን ሁለተኛ ኤንዛይም ነው። በዚህ ጊዜ የጠጣ ሰው መርዙ በደሙ ውስጥ ይከማችበትና ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ፊቱ ይግላል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። ከበድ ሲል የደረት ሕመም፣ ራስን መሳትና የልብ ምት መዛባት ይከተላል፤ ሰው ሊሞትም ይችላል። የመድኃኒቱ መግለጫ እንደሚለው በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም አልኮል መኖሩ ብቻ ምልክቶቹን ለማስነሣት ሊበቃ ይችላል፤ 50 ሲደርስ ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ ይታያሉ፣ ከ125 እስከ 150 ሲሆን ራስን መሳት ይመጣል። ለማነጻጸር ያህል፣ እርስዎ ባሉበት በቨርጂኒያ ለአሽከርካሪ የተቀመጠው የወንጀል ወሰን 80 ሚሊ ግራም ነው። እንግዲህ «ትንሽ ብቻ» የሚባለው መጠን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ወደ ባለቤትዎ ልመለስ። የእንቅልፍ ስሜቱ፣ የብረት ወይም የነጭ ሽንኩርት ጣዕሙ፣ ቀላል ራስ ምታትና አንዳንድ ጊዜ ፊት ላይ የሚወጣ ብጉር መሰል ሽፍታ የታወቁ የክኒኑ ውጤቶች ናቸው። በብዙ ሰው ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ ይታዩና ራሳቸው እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ ካልቀነሱም ሐኪሙ መጠኑን ሊያወርደው ይችላል። የትንፋሹ ሽታ የሚመጣው ሰውነት መድኃኒቱን ሲሰባብር ካርቦን ዳይሰልፋይድ የተባለ ነገር በሳንባ በኩል ስለሚወጣ ነው፤ ስለዚህ ጥርስ ደጋግሞ መፋቅ ብዙም አይረዳውም። አፉን በምን እንደሚጉመጠመጥ ግን ይመልከቱ፤ በየሱቁ ከሚሸጡት የአፍ መጉመጥመጫዎች ብዙዎቹ አልኮል አላቸው። ጠዋት የሚያደክመው ሰው ክኒኑን ማታ ሲተኛ ቢወስደው የተፈቀደ ነው፤ ሐኪሙን ጠይቀው ሰዓቱን ይለውጡ። እስከዚያው፣ እንቅልፍ በሚለው ሰዓት መሪ አይጨብጥ።

ስለ ቡናው ያነሡት ነገር ብዙ ሐኪም ሊጠይቅ የማያስበው ነው፤ የእኛን ቤት ሥርዓት ስለማያውቅ። ዳይሰልፊራም ካፌይን ከሰውነት የሚወገድበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ባለቤትዎ ድሮ የሚጠጡትን ያህል ቢጠጡም በደማቸው የሚቆየው ካፌይን ይበዛል፤ የልብ መምታቱና የእንቅልፍ ማጣቱ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ከአቦል በኋላ ማቆም ወይም የከሰዓቱን ቡና መተው በቂ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ቡናው ቀንሶም የልብ መምታቱ ከቀጠለ ግን በቡና ሳያመካኙ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል።

እግሩን በሚመለከት ግን «ይለፍለታል» ብዬ ልሸኝዎት አልችልም። ዳይሰልፊራም የእጅና የእግር ነርቮችን ሊጎዳ ይችላል፤ ጉዳቱ መጠኑ ከፍ ሲልና ጊዜው ሲረዝም ይበልጥ ይታያል፤ ከጣቶች ጫፍ ጀምሮም ወደ ላይ ይወጣል። ችግሩ፣ ለዓመታት የቆየ መጠጥም ሆነ አብሮት የሚመጣው የቫይታሚን ቢ እጥረት በትክክል እንዲህ ያለ ስሜት ያመጣሉ። የትኛው እንደሆነ በስልክ ወይም በጽሑፍ ማንም ሊነግርዎ አይችልም፤ ሐኪሙ እግሩን መመርመርና ደሙን ማየት አለበት። ከክኒኑ የመጣ ከሆነ በጊዜ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል፣ መሻሉ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ላይ እይታው ቢደበዝዝ ወይም ቀለማት ቢፈዙበት የዓይን ነርቭም ሊጎዳ ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይሂድ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ፤ እርስዎ ስላልጻፉት እኔ ልጻፈው። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ወንዶች ላይ የወሲብ ድክመት ያመጣል፤ ብዙዎች ለሐኪም ከመናገር ይልቅ ክኒኑን በዝምታ ይተዉታል። በቤታችሁ ካለ፣ ሊስተካከል የሚችል ነገር መሆኑን ይወቁ።

መልስ፦ «በዚያ መንገድ ያለፈ»

እኔ ዳይሰልፊራምን በዴንቨር ከተማ ሳለሁ ወስጄዋለሁ፤ የምጽፈውም ሐኪም ያልሆነ ሰው እንደሚጽፈው ነው። ፋርማሲስቱ ስለ «ትንሽ» የተናገሩትን በራሴ አይቼዋለሁ። በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ መጠጥ እንደማልቀምስ የሚያውቁ እናት «ይህ ለሕፃናት የሚሰጥ ነው» ብለው ካሪቦ ቀዱልኝ፤ ካሪቦ አልኮል የለውም ሲባል እኔም ሰምቼ ነው ያደግኩት። ግማሹን ጠጥቼ ወሬ እያዳመጥኩ ሳለሁ ከአንገቴ ሥር የተነሣ ሙቀት ወደ ጆሮዬ ወጣ። የልቤ ምት በጆሮዬ ተሰማኝ፤ የሸሚዜ ኮሌታ በላብ ራሰ፤ የቅርቡ ሰው የሚናገረው ሁሉ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆነብኝ። ከበሩ ደፍ ላይ ተቀምጬ ጭንቅላቴን በጉልበቶቼ መካከል አድርጌ ቆየሁ፤ ሲብስብኝ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ። በኪስ ቦርሳዬ ውስጥ የያዝኩት፣ መድኃኒቱን እንደምወስድ የሚገልጸው ትንሽ ካርድ ባይኖር ኖሮ ለሐኪሞቹ ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም።

ስለዚህ ቅራሪ ጠላ ነው፤ ቀጠነ እንጂ አልኮሉ አልጠፋም። ብርዝም ዛሬ የተበጠበጠ ማርና ውኃ ሊሆን ይችላል፣ ነገ ግን መብላላት ይጀምራል፤ ድግስ ቤት ውስጥ የተበጠበጠበትን ሰዓት ማን ይነግራችኋል? በሠርግ ቤት ከመጠጡ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ወጡ ነበር፤ ዶሮውን ወይም ቀይ ወጡን ሲሠሩ ጠጅ ወይም ወይን ጠብ የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉና አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ለእንጀራው ግን አትጨነቁ፤ በሊጡ መብላላት የሚፈጠረው ጥቂት አልኮል አብዛኛው በምጣዱ ሙቀት ይተናል፤ እኔ ሳላቋርጥ በልቻለሁ። ሳል ሲይዘው የሚገዛውን ሽሮፕ፣ ከመላጨት በኋላ የሚቀባውንና በየበሩ የሚረጨውን የእጅ ማጽጃ ጭምር አንብቡ። የእጅ ማጽጃው በአንዳንድ ሰው ላይ ምንም አያደርግም፤ ቆዳው የሚግልበት ሰውም አለ።

ስለ ቁርባኑ፣ እኔም ተጨንቄ የንስሐ አባቴን ጠይቄ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጀው ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ ነው፤ ተብላልቶ የጠነከረ ወይን አይደለም። ያም ሆኖ መድኃኒት እንደምወስድ አስቀድሜ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም በደስታ ተቀበሉኝ። በሌላ ቤተ ክርስቲያን የሚቆርብ ሰው ግን የሚቀርበው እውነተኛ ወይን ሊሆን ስለሚችል ይጠይቅ።

መልስ፦ «የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ባሕር ዳር»

የከበሩ እኅቴ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ለመጻፍ ማፈርዎ አያስፈልግም ነበር፤ ይህን ሐሳብ ከብዙ ቤተሰብ አፍ ሰምቼዋለሁ። መልሱ ግን አንድ ነው፦ ፈጽሞ አይደረግም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ከሁሉ በላይ፣ በጥቁር ሣጥን ተከብቦ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው። ዳይሰልፊራም ለሰከረ ሰው ወይም ሙሉ በሙሉ ሳያውቅ ለማንም አይሰጥም፤ ዘመዶችም በዚሁ መሠረት ሊነገራቸው ይገባል ይላል።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ክኒኑ እንዳለበት የማያውቅ ሰው እንደ ልማዱ ይጠጣል፤ ሲያቃጥለውና ሲያፍነውም ማቆም እንዳለበት አያውቅም፤ እንዲያውም «ደም ግፊቴ ነው» ብሎ ጥቂት አረቄ ሊጨምርበት ይችላል። ጤና ጣቢያ ሲደርስም ምን እንደ ወሰደ የሚናገር የለም። የመጨረሻውን መጠጥ ከጠጣ ገና 12 ሰዓት ላልሞላው ሰው መድኃኒቱ መሰጠት እንደሌለበት ከታወቀ፣ በድብቅ የምትሰጥ እኅት ያንን ሰዓት በምን ታውቀዋለች? በበጎ አሳብ የተደረገ ነገር ሰውን ሊገድል ይችላል። ከዚህ ባሻገር፣ ባል አንድ ቀን ቢደርስበት የሚያጣው እምነት ከሚስቱ ጋር ብቻ አይሆንም፤ ከመድኃኒቱና ከሐኪሙ ጋርም ይሆናል። በምትኩ የሚረዳው ሌላ መንገድ አለ፤ ባለቤትዎ ተስማምተው በየቀኑ በእርስዎ ፊት ቢውጡት፣ በጥናትም ሆነ በልምድ ውጤቱ የተሻለ ሆኖ ታይቷል። ልዩነቱ ያለው በፈቃዳቸው መሆኑ ላይ ነው።

ፍላጅልን በተመለከተ፣ ከሁሉ ይልቅ ይህን ያዙልኝ። ሜትሮኒዳዞል፣ ማለትም ፍላጅል፣ ከዳይሰልፊራም ጋር ሲወሰድ አንዳንድ ሰው ላይ ከባድ ግራ መጋባትና የአእምሮ መታወክ ያመጣል፤ ሰውየው ድምፅ ሊሰማ፣ ሰው ሊጠራጠር፣ ያለበትን ቦታ ሊስት ይችላል። በዚህ ምክንያት ዳይሰልፊራም የወሰደ ሰው፣ ካቆመ እንኳ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሜትሮኒዳዞል አይወስድም፤ ቲኒዳዞልም ተመሳሳይ ክልከላ አለው። በአገራችን እነዚህን መድኃኒቶች ያለ ማዘዣ ገዝቶ መዋጥ ስለተለመደ፣ ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ «ዳይሰልፊራም እወስዳለሁ» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይነገር ምንም አይገዛ። ሆዱን ካመመው ሰገራው ይመርመር፤ አሜባ ነው ብሎ ከቤት መፍረድ አያዋጣም። ለሳንባ ነቀርሳ ከሚሰጠው አይሶኒያዚድ ጋርም አብሮ ሲወሰድ አካሄድን ማወላገድና የጠባይ ለውጥ ሊያስከትል ይችላል። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪንና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ደግሞ በደም ውስጥ እንዲጠነክሩ ያደርጋል። ባለቤትዎ ከእነዚህ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸው ከጅምሩ ማወቅ ነበረበት።

ጉበትን በተመለከተ ገና ማንም አላነሣውም። ዳይሰልፊራም አልፎ አልፎ፣ ጤነኛ በነበረ ሰው ላይ እንኳ፣ ብርቱ የጉበት ብግነት ያስነሣል፤ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ የጉበት ምርመራ እንዲደረግ ይመከራል፤ ይህ ተደርጎ እንደሆነ ይጠይቁ። ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» የሚለው፣ የዓይን ነጭ ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት የጠቆረ ሻይ ሲመስል፣ ምግብ ሲያስጠላና ሰውነት ሲያሳክክ፣ ክኒኑ በዚያው ቀን ይቆማል፣ ሰውየውም ሐኪም ቤት ይሄዳል። ለወፍ በሽታ ሥር ቀቅሎ ማጠጣት የተለመደ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የተጎዳ ጉበት ግን ሌላ ሸክም አይችልም። ጸበል መሄድን የሚከለክል ሐኪም የለም፤ ጸበል ቦታ ሆኖ ሁሉንም መድኃኒት በአንዴ መተው ግን ሌላ ነገር ነው።

በመጨረሻም ክኒኑ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ የሚነሣውን ምልክት ለመለየት ያህል፣ በመጻሕፍት ላይ «ፊት ይቀላል» ተብሎ የሚጻፈው በነጭ ቆዳ ላይ የታየው ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል የዓይን ነጩን መቅላት፣ የአንገትንና የጆሮን ሙቀት፣ የላቡንና የትንፋሹን ፍጥነት ይመልከቱ።

መልስ፦ «አንባቢ ከለንደን»

ምክሩ ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሰው እንዲህ የሚያስፈራ መድኃኒት ለምን ይሰጠዋል? ወንድሜ የወሰደው ናልትሬክሶን ነበር፤ ቢጠጣ እንኳ እንዲህ አያደርገውም።

መልስ፦ «ፋርማሲስት፣ ሜሪላንድ»

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሚጀምሩት በናልትሬክሶን ወይም በአካምፕሮሴት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እነዚህን ሁለቱን እ.ኤ.አ. በ2023 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ለመጠጥ ሱስ አካትቷቸዋል። ዳይሰልፊራም ከእነርሱ የቆየ ነው። ከጎማ ፋብሪካ ጋር የተያያዘ ኬሚካል ነበር፤ በጎማ ሥራ ውስጥ ይህን መሰል ነገር የሚነኩ ሠራተኞች መጠጥ እንደማይስማማቸው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተስተውሏል። በኋላም ጄንስ ሃልድና ኤሪክ ጃኮብሰን የተባሉ ዴንማርካውያን ለትል መድኃኒትነት ሲመረምሩት፣ ራሳቸው ወስደው መጠጥ ሲቀምሱ የሆኑትን አይተው ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተሙ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1951 ተፈቀደ። የጎማ ጓንት የሚያሳክከው ሰው ይህን ለሐኪሙ እንዲናገር የምንጠይቀውም በዚሁ ዝምድና ምክንያት ነው።

ናልትሬክሶን የመጠጥ አምሮትንና ከመጠጥ የሚገኘውን ደስታ ይቀንሳል፤ ክኒኑ በቀን 50 ሚሊ ግራም፣ መርፌው በወር አንዴ 380 ሚሊ ግራም ነው። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና ድካም ያመጣል። ትልቁ ጥንቃቄ ግን ኦፒዮይድ ከሚባሉት ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር ነው፤ እንደ ትራማዶልና ሞርፊን ያለ ነገር የሚወስድ ሰው ናልትሬክሶን ቢወስድ ድንገተኛና ከባድ ሕመም ውስጥ ይገባል፤ አደጋ ደርሶበት ማስታገሻ ቢያስፈልገውም አይሠራለትም። አካምፕሮሴት በጉበት ስለማያልፍ ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ይመረጣል፤ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ የኩላሊት ምርመራ ይጠይቃል፤ ተቅማጥ ያመጣል፣ በቀን ሦስት ጊዜ መወሰዱም ለብዙዎች አሰልቺ ነው። ዳይሰልፊራም አምሮቱን አያጠፋውም። የሚጠቅመው መጠጥ ፈጽሞ ለመተው የቆረጠ፣ ልቡም ሆነ አእምሮው ጤነኛ የሆነ፣ በአጠገቡ የሚያግዘው ሰው ያለው ታካሚ ሲወስደው ነው። የልብ ደም ሥር ችግር ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው አይሰጥም። ስለዚህ «የሚያስፈራ» የሚለው ቃል ለሁሉም አይሠራም። የቨርጂኒያዋ እኅቴ፣ የባለቤትዎ እግር በምርመራ የነርቭ ጉዳት ሆኖ ከተገኘ ግን ከእነዚህ ከሁለቱ ወደ አንዱ መሸጋገር ከሐኪሙ ጋር መነጋገሪያ ይሆናል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ «የቨርጂኒያዋ»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የእግሩን ጉዳይ ለሐኪሙ ራሴ በጽሑፍ ልኬያለሁ፣ ቀጠሮውም ተፋጥኗል። ለእኅቱም የነርሷን መልስ አንብቤላት «እኔ ይህን መች አወቅሁ» ብላ ደነገጠች። አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ባለቤቴ ትናንት «ከሠርጉ አንድ ሳምንት በፊት ክኒኑን ላቁምና በዕለቱ ለምርቃት አንድ ብርሌ ብቻ ልቅመስ» አለኝ። ይህ ይቻላል?

መልስ፦ «የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ባሕር ዳር»

አንድ ሳምንት አይበቃም። መድኃኒቱ ኤንዛይሙን የሚያሰናክለው በማይመለስ ሁኔታ ስለሆነ ሰውነት አዲስ ኤንዛይም እስኪሠራ ይጠብቃል፤ የመጨረሻው ክኒን ከተወሰደ እስከ 14 ቀን ድረስ መጠጥ ሲቀመስ ያው ምልክት ሊነሣ ይችላል። በሠርግ ቤት፣ ምናልባትም ሐኪም ቤት በሌለበት ገጠር ውስጥ ያንን መሞከር የሚያስከትለውን እርስዎ ይገምቱት።

ከቀናቱ ስሌት ይልቅ ግን ጥያቄው ራሱ ትኩረት ይሻል። ባለቤትዎ የሠርጉን ቀን ከወዲሁ እያሰቡ መሆናቸውን ነግረውዎታል፤ ይህ ከተደበቀ ሐሳብ እጅግ ይሻላል። አይቆጧቸው፤ በዚያው ቃላቸው ለሐኪሙ እንዲነግሩት ይርዷቸው። ምርቃቱ በብርሌ ብቻ አይቀበልም፤ አንድ የቅርብ ዘመድ አስቀድሞ ተነግሮት በአጠገባቸው ቢቀመጥና ለስላሳ ወይም አምቦ ውኃ ከታሸገበት ቢከፍትላቸው፣ «ጠጣ እንጂ» የሚለውን ሁሉ የሚመልስ ሰው ያገኛሉ።

መልስ፦ «ፋርማሲስት፣ ሜሪላንድ»

ለጉዞው ክኒኑ ከነዋናው ዕቃው፣ ስማቸውና የመድኃኒቱ ስም እንደተለጠፈበት በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ለቆይታችሁ የሚበቃና ጥቂት የሚተርፍ ይሁን። ከሐኪሙ አጭር ደብዳቤ ይቀበሉ፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ከሜትሮኒዳዞልና ከቲኒዳዞል ጋር እንደማይወሰድ፣ የመጨረሻው የጉበት ምርመራ ውጤት። አንዱ ቅጂ በእርስዎ፣ አንዱ በባለቤትዎ ኪስ፣ አንዱ በጎጃም በሚቀበላችሁ ዘመድ እጅ ይቀመጥ። የአውሮፕላኑ አስተናጋጆች ወይን ሲያቀርቡም ሆነ በወይን የተሠራ ወጥ ሲያመጡ መጠየቅን አይርሱ።